የኩኪ ፈቃድ፦ ጎንደር ላይ የሚወራው እና እውነታው

እዚህ ጎንደር ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ዌብሳይት እሠራለሁ። ኩኪ፣ ማለትም ገጹ በጎብኚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል፣ ወሬዋ ሲነሳ የምሰማው መልስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

«የአውሮፓ ሕግ እኛን ምን አገባን?»

ያገባናል እንጂ! ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ቢሯችሁ ፒያሳ ነው ብሎ አይተዋችሁም። አንድ ጀርመናዊ ገጻችሁን ስለከፈተ ብቻ ሕጉ አይመጣባችሁም፤ ግን የሰሜን ተራሮችን ጉዞ በጀርመንኛ እያስተዋወቃችሁ፣ የጥምቀት ሰሞን ክፍል በዩሮ እየሸጣችሁ ከሆነ ገበያችሁ እዚያው ነው። ደግሞ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

«የኩኪ ፈቃድ የሚጠይቅ ባነር ለጥፈናል፣ በቃ»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብዙው ባነር ጌጥ ነው፤ ሰውዬው ገና ምንም ሳይነካ ጎብኚዎችን የሚቆጥረው ጉግል አናሊቲክስና ለማስታወቂያ የሚከታተላቸው የፌስቡክ ፒክስል ሥራቸውን ጀምረዋል። ካላመናችሁኝ ገጻችሁን በክሮም ድብቅ መስኮት ክፈቱ፣ ባነሩን አትንኩ፣ ኤፍ 12 ተጫኑና «አፕሊኬሽን» የሚለው ውስጥ ኩኪዎቹን እዩ። የአናሊቲክስ ኩኪ ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት ባነሩ ምንም እየሠራ አይደለም። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ የመከታተያው ኮድ ይጫናል።

«እሺ የሚል ቁልፍ ካለ ይበቃል»

አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሏል። የፈረንሳዩ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ ደግሞ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን በጥር 2022 ይፋ አድርጓል። ጥፋታቸው? እሺ ለማለት አንድ ጠቅታ፣ እምቢ ለማለት ግን ብዙ። ስለዚህ «አልፈቅድም» የሚለው ከ«እፈቅዳለሁ» ጎን፣ በእኩል መጠን ይቀመጥ።

«ለሁሉም ኩኪ ፈቃድ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። እንግዳው የመረጠውን ክፍል የሚያስታውስ ወይም ሎግ ኢን ሲያደርግ የሚያገለግል ኩኪ ያለ ፈቃድ ይሠራል።

«ችግር ከመጣ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ይጠየቃል»

ልጁ እኔ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ግን ኃላፊው ባለቤቱ ነው። በ2019 ያው ፍርድ ቤት የፌስቡክን የላይክ ቁልፍ ገጹ ላይ ያስገባ የጀርመን ልብስ ሻጭ፣ የጎብኚዎቹ መረጃ ተሰብስቦ ወደ ፌስቡክ በመላኩ አብሮ ተጠያቂ ነው ብሎታል። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ የማትሠሩ ከሆነ ለፒክስሉ ፈቃድ ከመለመን ፒክስሉን ማውጣት ይቀላል።