ከተሜው ስለ ደገኛው የሚለው እና እውነታው

ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የሰውን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በዕድሜ ቅደም ተከተል ያሳያል። እዚያ ስለ ደጋው ገበሬ በሹክሹክታ የሚነገረው አስተያየት በፒያሳ ቡና ቤቶች ጮክ ተብሎ ከሚነገረው ብዙም አይለይም፤ አብዛኛውም ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ተራራን የሩቅ አገር አድርጎ ማሰብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ የተቆረቆረችውም ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃው ወርዶ ነው። እንግዲህ ደገኛውን የሚያማው ከተሜ ራሱ ደገኛ መሆኑን ዘንግቶታል።

«ደጋ የሚከፋው በክረምት ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። በክረምት ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና የምድሩን ሙቀት እንደ ጋቢ ይዞ ያቆያል። ባቄላውን አጥቁሮ የሚያሳድረው ውርጭ የሚወርደው ግን ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት በሚደምቁባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ነው።

ደገኛው ሁሉ ጤፍ አምራች ይመስለናል፤ በከፍተኛው ደጋና በውርጭ ምድር ግን ንጉሡ ገብስ ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ዳቦው፣ ጠላውና እንጀራው ሳይቀር ከእርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ «የተራራ ሰው ሥርዓት አያውቅም፣ ሣሩንም ደኑንም ያለ ሕግ ጨረሰው» የሚለው ፍርድ ነው። በሰሜን ሸዋ መንዝ ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋውን የጓሳ ምድር ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የሚባል የአካባቢው ሥርዓት ነበር (ቃሉ ዛሬ በከተማው ሌላ ነገር እንደሚያሳስብ አውቃለሁ፤ የመንዙ ግን የሣር ሕግ ነው)። የመጠቀም መብቱ አስቦ እና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች ትውልድ በሚቆጠር አጽመ ርስት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ከየደብሩ ተጠቃሚዎች ጋር ሆኖ ምድሩን ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋው ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ማስገባትም ሆነ ከብት መንዳት ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከብቱ የሚሰማራው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱን ያፈረሰው የተራራው ሰው ስግብግብነት አልነበረም፤ የቆመበትን የርስት መሠረት ያነሳው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ መሬት ላልነበራቸው ብዙዎች ፍትሕ እንደነበር አልክድም፤ ሆኖም የሣሩን ጠባቂ አብሮ እንደሻረ መናገርም ይገባል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም በጓሳ የሚታዩት፣ ነዋሪው ከዚያ በኋላም አካባቢውን በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት መልሶ ስለያዘው ነው። ስለ ጭላዳ ካነሣሁ ዘንድ፣ ጥርሱን አይተው ሥጋ በሊታ ነው የሚሉት ይሳሳታሉ፤ ዋነኛ ምግቡ ሣር ነው።

ደቦንም ከተሜው «ነፃ ጉልበት» እያለ ይጠራዋል፤ በቢሮ ዘመቻ ሲጠራ እንኳ ደቦ ይባላል። ገበሬው ግን ደቦን ከወንፈል ለይቶ ያውቃል። ወንፈል ብድር ነው፦ ዛሬ አንድ ቀን ያረሰልኝ ሰው፣ በተራው አንድ ቀን አርስለታለሁ፤ ቀኑም በሁለታችንም ልብ ተቆጥሮ ይቀመጣል። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ የሚበላውንና የሚጠጣውን ማቅረብ አለበት፤ ጠላው የቀጠነበት ባለቤት በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ ሰው እንደሚያጣ ያውቃል። ስለዚህ የደቦው ድግስ ወጪ ነው፤ ድሃው ገበሬ ደቦን ትቶ ወንፈልን የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቡዳን በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ እምነቱ የተራራ ብቻ ነው መባሉ ነው፤ በከተማው መሐልም የልጇን ፊት ከዓይን ለመከለል በነጠላ የምትሸፍን እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ሁለተኛውና የከፋው፣ ቡዳ ለእሳት ዳር የሚሆን የዋህ ተረት ብቻ ነው መባሉ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የተወራበት ሰው ብዙውን ጊዜ ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣድና ጀበና የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበሬው ያለ ማረሻቸው አያርስም፣ ሚስቱም ያለ ምጣዳቸው አትጋግርም፤ ጋብቻና ማዕድ ሲሆን ግን ይርቋቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን ዛሬም፣ አዋጁ በወጣበት ከተማ፣ ሰዎች ሲጣሉ ይሰማል።