ኤክሴሉ አልተበላሸም፣ ያወራችሁት በዲግሪ ነው

ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ግማሹ ሰው ቤት እየሠራ ነው። የጣሪያ ሒሳብ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኔ ላፕቶፕ ላይ ያርፋል። በቀደም ጎረቤቴ ራሱ የሠራውን ኤክሴል ይዞ መጣ። ከግድግዳው እስከ ጣሪያው መሃል 4 ሜትር፣ ተዳፋቱ 15 ዲግሪ። ጫፉ ከግድግዳው አናት ስንት ከፍ ይላል? 4ን በታንጀንት 15 አባዝቶ ያገኘው ኔጌቲቭ 3.42 ሜትር ነው። ጣሪያው ሳሎን ገባ ማለት ነው። ከእሱም ከሌሎችም የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኤክሴሉ ተበላሽቷል»

ኧረ አልተበላሸም። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት እዚያ ውስጥ የሚሠሩት በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን፣ ማለትም በሌላ የአንግል መለኪያ ነው፤ ጎግል ሺትስም ያው ነው። 180 ዲግሪ ማለት ፓይ ራዲያን ነው፣ 3.14159 ገደማ። 15 ብላችሁ ስትጽፉ 15 ራዲያን ብሎ ይወስደዋል፣ ይህ ደግሞ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ከዚያም የሚያልፍ አንግል ነው። መጀመሪያ 15ን ራዲያንስ በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ታንጀንት። መልሱ 1.07 ሜትር ይመጣል።

«ስህተት ከሆነማ ያስታውቃል»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጎረቤቴን ያዳነው ኔጌቲቩ ነው። ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ 2.59 ሜትር ይሰጠው ነበር፣ ትክክለኛው ግን 0.71 ነው። 2.59 ሲታይ ደህና ቁጥር ይመስላል፤ እንጨቱና ቆርቆሮው ተገዝቶ አናጢው ጭንቅላቱን ሲያክ ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የ30ን ሳይን ሞክሩ። 0.5 ሳይሆን ኔጌቲቭ 0.988 ካመጣ ፎርሙላችሁ ራዲያን ላይ ነው።

«ሴሉ ላይ የዲግሪ ምልክት አድርጌበታለሁ»

ፎርማት መልክ እንጂ ቁጥር አይለውጥም። ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር በእጅ ከጻፋችሁት ይብስ፣ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና ፎርሙላው ስህተት ይላል።

«አንግል ስፈልግ በዲግሪ ይሰጠኛል»

አይሰጥም። 1.07ን ለ4 አካፍላችሁ አርክታንጀንት (ከታንጀንት ወደ አንግል የሚመልሰው) ስትሉት 0.26 ይላል፣ እሱም ራዲያን ነው። ዲግሪስ በሚባለው ፈንክሽን ስታሳልፉት ወደ 15 ይመለሳል።

«የፓይ ሳይን ዜሮ መሆን ነበረበት»

በወረቀት አዎ። ኮምፒውተር ግን ፓይን እስከ መጨረሻው መያዝ ስለማይችል ከነጥብ በኋላ 15 ዜሮ ደርድሮ 122 ይላል። ራውንድ አድርጉትና እለፉት። የ90 ዲግሪ ታንጀንት ላይም ስህተት ብሎ አያስጠነቅቃችሁም፣ ባለ 17 አሃዝ ቁጥር ዘርግፎ ዝም ነው።

«በ3.14 ከሠራሁ ሁሉም ይበላሻል»

15ን በ3.14 አባዝቶ ለ180 ማካፈልም ያስኬዳል። በጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአናጢያችን መጋዝ ከዚያ በላይ ይበላል።