ሁለት ዳፕል ዳክስሁንዶች ለመራባት ለምን አይገናኙም?

ዳፕል የሚባለው ዳክስሁንድ በተባለው የውሻ ዝርያ ላይ የሚታይ ዥጉርጉር ቀለም ነው፤ ጥቁር ወይም ቀይ መደብ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቀለሙን የሚያመጣው ጂን (ዘረ መል) ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ታዲያ ሁለት ጤነኞች ቢወልዱ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ቡችላው ጂኑን ከሁለቱም ሲወርስ ነው። ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ ይህ ማለት ግን ከአራት ቡችሎች አንዱ ብቻ ይጎዳል ማለት አይደለም። ዕጣው ለእያንዳንዱ ቡችላ እንደ አዲስ ስለሚወጣ ሁለት ሦስቱም ሊያገኛቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋፊ ነጭ ቦታ ይኖረዋል፤ ዓይኑ ከልክ በላይ አንሶ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ሊወለድ፣ ጆሮውም ላይሰማ ይችላል። የሚያናድደው፣ ያንኑ ነጭ «ብርቅ ቀለም» እያሉ የሚሸጡ መኖራቸው ነው።

ድብቅ ዳፕልም አለ። በቀይና በክሬም ውሾች ላይ ነጠብጣቡ በቡችላነት ታይቶ ሲያድጉ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንዴ ጆሮ ላይ አንዲት ሐመር ነጥብ ብቻ ትቀራለች። ስለዚህ በዓይን አይታመንም፤ ከማራባት በፊት የዘረ መል ምርመራ ያስፈልጋል። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ስለሚወሰድ ውሻውን አያሳምመውም።