የጋቢና ሊትየም ባትሪ ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሪጁ፣ ቬንትሌተሩ፣ መብራቱና ስልኩ ግን እስኪነጋ ኃይል ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ከማስነሻው ባትሪ የሚስብ ሰው ጠዋት ላይ ኬብል ይዞ ከጎኑ የቆመውን መኪና መለመኑ አይቀርም። የጋቢና ባትሪ የሚባለው ከማስነሻው ተለይቶ የሚገጠም፣ ሞተር የማያስነሳ፣ ለማደሪያው ብቻ የሚሠራ ሁለተኛ ባትሪ ነው። እንግዳ ይዞ ገጠር የሚያድር ላንድክሩዘር ወይም መኝታ የተሠራለት ኮስተርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ ዛሬ ተመራጩ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው። ሊትየም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በስልክ፣ በላፕቶፕና በብዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ውስጥ ያለው ኮባልት ወይም ኒኬል ያለበት ዓይነት ነው፤ ቀላልና ጉልበታም ቢሆንም ሲጎዳ ወይም ከልክ በላይ ሲሞቅ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ፎስፌቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል። ሰው በሚተኛበት ቦታ ሥር የሚቀመጥ ባትሪ ከዚህ ሌላ ባይሆን ይመረጣል። መለያው ቮልቴጁ ነው። የፎስፌት አንድ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ ሲደረደሩ 12.8፣ ስምንቱ ሲደረደሩ 25.6 ቮልት ይሆናል። ሣጥኑ ላይ 11.1 ወይም 14.8 ቮልት ከተጻፈ ያኛው ዓይነት ነውና ሻጩ የፈለገውን ቢል ይተዉት።

ከአሲድ ባትሪ ጋር ያለው ልዩነት በዋጋ ብቻ ሲታይ ሰውን ያሳስታል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት አሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ (ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ተባዝቶ) 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ መጠቀም አይገባም፤ ስለዚህ በእጅ ያለው 600 ነው። ተመሳሳይ አምፔር-ሰዓት ያለው ፎስፌት 1280 ዋት-ሰዓት ሲይዝ ከዘጠና በመቶ በላዩን ቢጠቀሙበትም ቶሎ አይጎዳም። አሲዱ በግማሽ እየተራገፈ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሲሞላ፣ ፎስፌቱ በደህና ከተያዘ ከ2000 ጊዜ በላይ ይሄዳል። ክብደቱም ከ25 እስከ 30 ኪሎ በነበረበት ከ11 እስከ 13 ኪሎ ይሆናል። ዋጋ ሲያወዳድሩ ብሩን ለተጻፈው አምፔር-ሰዓት ሳይሆን በእርግጥ ለሚጠቀሙበት ዋት-ሰዓት ያካፍሉት።

ስንት እንደሚበቃ ማስላት ቀላል ነው። 45 ዋት የሚስብ ባለ 40 ሊትር ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሚሌ ሙቀት ውስጥ የቀኑን ግማሽ ያህል ይሠራል ቢባል በ24 ሰዓት 540 ዋት-ሰዓት ይበላል። 20 ዋት ቬንትሌተር ለስምንት ሰዓት 160፣ መብራት 30፣ ሁለት ስልክ 40። ድምሩ 770 ነው። ያው መኪና ደሴ ሲያድር ቬንትሌተሩ ይጠፋል፣ ፍሪጁም የሚሠራው ለሲሶው ጊዜ ያህል ስለሚሆን ወደ 430 ይወርዳል። መለካት ያለበት በቆላው ነው። አንድ 1280 ዋት-ሰዓት ባትሪ መኪናው ሳይንቀሳቀስ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያቆያል ማለት ነው፤ በወደብ ወይም በኬላ ሰልፍ ሁለት ሦስት ቀን የሚቆም ሰው ግን እጥፉን ይፈልጋል።

አሁን ሻጮች ብዙም ወደማያነሱት ነገር እንምጣ። ሣጥኑ ውስጥ ከሴሎቹ ሌላ ቢኤምኤስ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። አንዱ ሴል ከ3.65 ቮልት ሲያልፍ መሙላቱን፣ ወደ 2.5 ሲወርድ መራገፉን ይቆርጣል፤ አምፔሩ ሲበዛና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም እንዲሁ። ጥሩ ሴል ላይ ርካሽ ቢኤምኤስ ከተገጠመ ባትሪው ርካሽ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ሳያቋርጥ ስንት አምፔር ይሰጣል፣ ሲሞላ ስንት አምፔር ይቀበላል፣ በብርድ ጊዜ መሙላቱን በራሱ ያቆማል ወይ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የያዘው መጠን እንጂ በአንዴ የሚሰጠው ጉልበት አይደለም። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሆነው ቢኤምኤሳቸው 50 አምፔር ብቻ የሚፈቅድ ሣጥኖች አሉ፤ ይህ 640 ዋት ነው። የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይር ኢንቨርተር አንድ 1000 ዋት የቡና ምድጃ ቢሰኩበት ከብክነቱ ጋር ወደ 90 አምፔር ይስባል፣ ባትሪውም ሞልቶ ሳለ ይጠፋል። ገዢው "ውሸት ነው" ብሎ ይመልሰዋል፤ ውሸታም ባትሪ ሳይሆን ያልተነበበ ወረቀት ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3500 ዋት ገደማ ስለሆነ ብክነት ሳይቆጠር እንኳ ከ270 አምፔር በላይ ነውና ከዚህ ሣጥን ጋር አይነሣ።

ሦስተኛው ጥያቄ ለደሴ ሰው የቅንጦት አይደለም። ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሞላ ሊትየሙ ወደ ሴሉ ውስጠኛ ክፍል መግባት ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። የተለጠፈው አይመለስም፤ ባትሪው ይዞታውን እያጣ ይሄዳል፣ ሲብስም በውስጡ ሾርት ያደርጋል። ማራገፍ ግን ከዜሮ በታችም ይቻላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር የንጋቱ ብርድ የታወቀ ነው፣ ወደ ደላንታ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ አለ። ሻንሲ ላይ በብረት ሣጥን የታሰረ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ ንጋት ላይ ሞተር ሲነሣ ወዲያው መሞላት ይጀምራል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ያኔ ነው። በተቃራኒው አፋር ሜዳ ላይ ያው የብረት ሣጥን በፀሐይና በጭስ ማውጫው ግለት ከ45 ዲግሪ ማለፉ አይቀርም፤ ብዙ ባትሪዎች ደግሞ ከዚያ በላይ እንዲሞሉ አይፈቀድም። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ባትሪው ጋቢና ውስጥ፣ ከመኝታው ሥር፣ በብረት ቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ። እንደ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለማይተፋ ይህ ይቻላል።

መሙያው ከባትሪው እኩል ገንዘብና ሐሳብ ይገባዋል። ሊትየም ውስጣዊ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስባል። መኪናው በሰልፍ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው በቂ ነፋስ አያገኝምና ይግላል፣ ይቃጠላልም። ሌላም አለ፤ ባትሪው ሞልቶ ቢኤምኤሱ በድንገት ሲቆርጥ የዲናሞው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ዘሎ ዳዮዶቹን ሊያነድ ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ በኬብል ማገናኘት አይሆንም፤ በመካከል ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር፣ ማለትም ከዲናሞው የሚሳበውን አምፔር ገድቦ ባትሪውን በሚስማማው ቮልቴጅ የሚሞላ መሣሪያ፣ መግባት አለበት። ባለ 30 አምፔሩ ወደ 400 ዋት ስለሚሰጥ ያንን የቆላ ቀን 770 ዋት-ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት ይመልሰዋል። ሾፌሩ ቢረሳም ሞተር ሲጠፋ ራሱ የሚቋረጥ እንዲሆን ከቁልፍ የሚመጣውን ሽቦ ማያያዝ አይዘንጋ።

ሲኖትራክና መሰሎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ይህም ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተደርድረው ማለት ነው። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው አቋራጭ ከሁለቱ በአንዱ ላይ 12 ቮልት መጥለፍ ነው። አንዱ ሲራገፍ ሌላው ሞልቶ ይቀራል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ የተራበው ሳይጠግብ የጠገበው ይፈላል፣ በጥቂት ወራትም ጥንዱ ይሞታል። ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ነው። ወይም ፍሪጁና ቬንትሌተሩ 24 ቮልት የሚቀበሉ ከሆነ ከነጭራሹ ባለ 25.6 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ መውሰድ ይሻላል፤ የያዘው ኃይል ያው 1280 ሲሆን አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ኬብሉም ይቀጥናል።

ሶላር የሚጨምሩ ከሆነ መቆጣጠሪያው የሊትየም ምርጫ ይኑረው። ካልኖረው በእጅ እንዲህ ይስተካከል፦ መሙያ (absorption) ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ማቆያ (float) 13.5፣ ማመጣጠኛ (equalize) የሚባለው ዙር ዝግ፣ የሙቀት ማስተካከያውም ዝግ። የመጨረሻው በተለይ ደጋ ላይ ያስቸግራል። ለአሲድ የተሠራ መቆጣጠሪያ ብርድ ሲሰማው ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ በ5 ዲግሪ ንጋት 14.4 የነበረው ወደ 15 ሊጠጋ ይችላል፣ ቢኤምኤሱም ይቆርጠዋል። ጣሪያው ጠባብ ስለሆነ 100 ዋት ፓኔል ብቻ ቢገባም በጥሩ ፀሐይ በቀን 350 ዋት-ሰዓት ያህል ያስገኛል፤ በክረምት ግን አይተማመኑበት።

ገጠማውን ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ያም ሆኖ ሁለት ነገር በዓይንዎ ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መኖሩን፤ ሊትየም ሾርት ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ስለሚለቅ ያለ ፊውዝ የሄደ ኬብል እሳት ነው። ሁለተኛ፣ የኬብሉን ውፍረት፦ ለ30 አምፔሩ ቻርጀር እስከ አምስት ሜትር ርቀት 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 1000 ዋት ኢንቨርተር ካለ ደግሞ ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር አጭር ሆኖ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር። ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ ኬብል) ዝገቱና ቀለሙ ተፍቆ በንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ የሚደረገው የመጀመሪያ ፈተና ሚዛን ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የያዙ አራት ፎስፌት ሴሎች ብቻቸውን ወደ 8 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሣጥን፣ ቢኤምኤስና ሽቦ ሲጨመር ከ9 ኪሎ በታች የሆነ ነገር የተጻፈበትን ያህል መያዙ ይጠርጠር። ሸቀጥ ከሚመዘንበት ሚዛን ላይ ማውጣት በቂ ነው። ጎኑ ያበጠ ሣጥን አይወሰድም። ሴል ለየብቻ የሚገዛ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ኮድ የተፋቀ ወይም ምሰሶው (ኬብል የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለው ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቤት ሲገባ እውነተኛው ፈተና ይደረግ። ባትሪውን በሊትየም ቻርጀር እስከ ጥግ ይሙሉት፣ ከዚያ ሁለት ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት አምፖል በጎን (በፓራለል) አያይዘው ብረት ላይ አስቀምጠው ያብሩት። ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ ክላምፕ ሜትር ሲለካ ከ9 አምፔር ትንሽ ከፍ ይላል። እስኪጠፋ የቆየውን ሰዓት በአምፔሩ ያባዙ፤ ትክክለኛ 100 አምፔር-ሰዓት ከ10 ሰዓት በላይ ያበራል። በስድስት ሰዓት ከጠፋ የተሸጠልዎ ወደ 60 ያህል ነው፣ ደረሰኙና የመመለሻ ቃሉ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ፈተና የሚሆን ቀን የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ አለመግዛት ይሻላል።

በአጠቃቀም ላይ ቮልት ሜትር አያምኑ። ፎስፌት ሰባ በመቶ ሲሆን 13.2፣ ሠላሳ በመቶ ሲሆን 13.0 ቮልት አካባቢ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ርካሽ ሜትር አይለየውም። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ባለ ሸንት መለኪያ በማሳው በኩል ይግጠሙ። ሁለት ባትሪ በጎን ማያያዝ ከፈለጉ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ የተገዙ ይሁኑ፣ ከመገናኘታቸው በፊትም ሁለቱም ሙሉ ይሁኑ፤ ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሁለተኛው ይውሰዱ። ከአሲድ ባትሪ ጋር በአንድ አያስሯቸው።

መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ባትሪው ግማሽ ገደማ ሆኖ ሁሉም ነገር ይነቀልለት። ባዶውን የተወ ሰው ሲመለስ ሜትሩ ዜሮ ቮልት ያሳየዋል፤ ቻርጀር ሲሰካም ምንም ባትሪ እንደሌለ ቆጥሮ አይጀምርም። አብዛኛውን ጊዜ ሴሎቹ አልሞቱም፤ ቢኤምኤሱ እነሱን ለማዳን በሩን ዘግቶ ነው። ዜሮ ቮልት ላይ የሚቀሰቅስ የሊትየም ቻርጀር ይስኩበት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ከ10 በላይ ከወጣ በትንሽ አምፔር እስኪሞላ ይተዉት፤ ካልወጣ ወይም ሣጥኑ መሞቅ ከጀመረ ነቅለው ከመኪናው ያውጡት።