ማሽላ እያረረ ይስቃል

ልጅ ሆኜ እናቴ ማሽላ ስትቆላ ከምድጃው አጠገብ አልጠፋም ነበር። ብረት ምጣዱ ሲግል ፍሬው መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀስ እያለ ጠቆር ይላል። ከዚያ ጣ! ብሎ ይፈነዳና ነጭ ሆዱን ያሳያል። ጥርሱን ፈልቀቅ ያደረገ ሰው ይመስላል። አባባሉ የተወለደው እዚሁ ምጣድ ላይ ነው።

ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። የከፋው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ፈገግ ይላል። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "እግዜር ይመስገን" ይላል። ጉዳቱን የሚያውቅ ጎረቤት ግን "ተዉት፣ ማሽላ እያረረ ይስቃል" ይላል። ውበቱ ያለው "ማረር" የሚለው ቃል ላይ ነው። ምጣድ ላይ የቆየ እህልም ያራል፣ የሰው አንጀትም ያራል።

አንዳንዱ አባባሉን ለጥንካሬ ማሞገሻ ያደርገዋል። ለእኔ እንደዚያ አይደለም። አባባሉ የሚያዝነው ለውስጡ ነው። ጥርሱን አይታችሁ አትሸወዱ ይለናል።

ይህን ያነሳሁት ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተወራ ቁጥር "ማሽላ አለልን፣ ድርቅ ይችላል" ስለሚባል ነው። እውነት ነው፣ ይችላል። ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል። ዝናብ ሲቆም ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል፤ ሲመለስ እድገቱን ይቀጥላል። ወደ ላይ የመውጣት ዕድልም አለው። በግርድፉ 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር የቆላው እህል 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይና ደጋውን ይጋፋል።

ግን እስቲ የወሎንና የራያን ቆላ እንይ። የድሮው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ፣ በበልግ ዝናብ ነው። የሚታጨደው ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ ነው። በልጉ ከቀረ አለቀለት፤ ክረምቱ ብቻውን አያደርሰውም። ያኔ ገበሬው ሐምሌን ጠብቆ ጤፍ ይዘራል። ወይም እንደ "ተሻለ" እና "መልካም" ያሉ፣ በአራት ወር ገደማ የሚደርሱ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ይሞክራል። ከባዶ ማሳ ያድናሉ፣ አልክድም። ግን አጫጭር ናቸው። የድሮው ማሽላ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። ቶሎ የሚደርሰው ደግሞ የጎረቤት ማሳ ገና ለምለም ሳለ ብቻውን ጎምርቶ ይቆማል። ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያጮኹ ይውላሉ።

ስሞቹም ያሳዝኑኛል። ወሎ ውስጥ "ወተት በጉንጬ" የሚባል ማሽላ አለ። እሸቱ ሲበላ አፍ ውስጥ ምን እንደሚሆን ስሙ ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለ ዘር ለዓመታት ሳይዘራ ከቆየ ይመክናል። ከማሳ ከወጣ ስሙም ከሰው አፍ ይወጣል።

ዘር የሚይዙ እናቶች ምርጥ ምርጡን ራስ ለይተው ጓዳ ውስጥ ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል። ጢሱ ነቀዝ አያስጠጋም። በልጉ ሲቀር ያ ራስ ወደ ማሳ ሳይወርድ እዚያው ጥቀርሻ ለብሶ ይከርማል። ከሥሩ ምጣድ ይጣዳል፣ ቆሎ ይቆላል። እሱን ግን ማንም አይነካውም። ለመጪው ሚያዝያ ነው።