አገልጋይና ተገልጋይ ቦታ ምንድን ነው? የሉዊስ ካን ቧንቧዎች

ሉዊስ ካን ቧንቧ አይወድም ነበር። የአየር ማስተላለፊያ ዳክትም አይወድም። ከልቤ እጠላቸዋለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ ያስከተለው ሐሳብ ግን የሚገርም ነው። በጣም ስለምጠላቸው የራሳቸው ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል አለ። ጠልቼ ዝም ካልኳቸው ሕንፃውን ወርረው ያጠፉታል አለ።

ይህ አሜሪካዊ አርክቴክት ለዓለም ካስተማራቸው ነገሮች ትልቁ ከዚህ ጥላቻ የወጣ ይመስለኛል። ሐሳቡ አገልጋይና ተገልጋይ ቦታ ይባላል።

ተገልጋይ ቦታ ማለት ሕንፃው የተሠራለት ክፍል ነው። በትምህርት ቤት መማሪያ ክፍሉ፣ በሙዚየም ሥዕሉ የተሰቀለበት አዳራሽ፣ በመኖሪያ ቤት ሳሎኑና መኝታ ቤቱ። አገልጋይ ቦታ ደግሞ ያ ክፍል ሥራውን እንዲሠራ የሚያግዘው ሁሉ ነው። ደረጃ፣ ሊፍት፣ ሽንት ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ቧንቧ የሚወርድበት ሻፍት፣ የኤሌክትሪክ መስመር። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። በስም ይቀራረባሉ፤ ካን የሚያወራው ግን አንዱ ቦታ ለሌላው ስለሚሠራው ሥራ ነው። ማን የት ይደር የሚለው ጉዳይ እዚህ ውስጥ የለበትም።

ሁለቱ በየትኛውም ሕንፃ ውስጥ አሉ። ታዲያ ካን ምን አዲስ ነገር አመጣ? አገልጋዩን ቦታ በተረፈው ጥግ አትወትፉት አለ። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ሲሳል ጀምሮ የራሱ ቅርጽ ይኑረው። የት እንዳለ ይታወቅ። የተገልጋዩን ቦታ ወለልና ብርሃን አይሻማ።

እኔ ነገሩ የገባኝ በቧንቧ ሠራተኛ ነው። የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ እርጥበት ወጣ። መጀመሪያ የእጅ መዳፍ የምታህል ነበረች፤ በሳምንቱ ከወገቤ በላይ ደረሰች። ሠራተኛው መጣና ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። ቧንቧው የት እንዳለፈ የሚያውቅ ሰው የለም። ሴራሚኩን በመዶሻ መታው፤ የለም። ትንሽ ወደ ግራ ሄዶ መታ፤ የለም። በሦስተኛው አገኘው። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ግድግዳው ግን እንዳልነበር ሆኗል። ቧንቧው ቦታ ስላልተሰጠው ልስን ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ካን ወረራ ያለው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሰውየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካን የተወለደው በ1901 ነው፤ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ኢስቶኒያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ። ገና ሕፃን ሳለ የጋለ ፍም ፊቱን አቃጠለው። ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አብሮት ነበር። በ1906 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ፊላደልፊያ ከተማ ገባ። ኑሯቸው የድህነት ነበር። ልጁ ግን ሥዕል ላይ ጎበዝ ወጣው፤ ፒያኖም ይችላል። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ እየተጫወተ ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1924 ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ረጅም ናቸው። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አሳጣው። ባለቤቱ አስቴር ሠርታ ቤቱን የያዘችበት ጊዜ ነበር። ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ዕድሜው በአነስተኛ ቤቶችና በመኖሪያ ሰፈር ዕቅዶች አለቀ። ታላቅ የሚባል ሥራ እጁ የገባው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። አርፍጄአለሁ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።

በ1950 መጨረሻ ሮም ሄደ። ከዚያም ግሪክንና ግብፅን አየ፤ ፒራሚዶቹን ደጋግሞ ሣለ። ወፍራም ግድግዳና ከባድ ድንጋይ ልቡን ያዘው። የስኮትላንድ የጥንት ግንቦችንም ይወድ ነበር። የእነዚያ ግንቦች ግድግዳ ከመወፈሩ የተነሳ ደረጃውና ትናንሾቹ ክፍሎች ግድግዳው ሆድ ውስጥ ይገባሉ። መሃል ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከሐሳቡ ዘሮች አንዱ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1953 ተከፈተ። በጊዜው የተለመደው ሶሌታው ሥር ኮርኒስ ሰቅሎ ቧንቧና ሽቦውን መሸፈን ነበር። ካን ኮርኒስ አልሰቀለም። የአርማታው ጣሪያ ራሱ በሦስት ማዕዘን ጉድጓዶች የተሠራ ነው፤ ዳክቱና መብራቱ በዚያ ክፍተት ውስጥ ይሄዳሉ። ቀና ካላችሁ ሁሉም ይታያል፤ ያምራልም። በዚህ ሥራ ላይ አን ቲንግ የምትባል አርክቴክት ትልቅ ድርሻ ነበራት። ከ1945 ጀምሮ ከካን ጋር ትሠራ ነበር፤ ልጅም ወልደዋል። ለብዙ ዓመታት ስሟ ሳይነሳ ስለቆየ፣ እኔ በማነሳበት ቦታ ሁሉ መጥራት ግዴታዬ ነው።

ሐሳቡ ጠርቶ የወጣው ግን ትንሽ ሕንፃ ላይ ነው። በኒው ጀርሲ፣ ከትሬንተን ከተማ አጠገብ ያለ የመዋኛ ገንዳ ልብስ መቀየሪያ። በ1955 ተሠራ። ዕቃው ተራ ብሎኬትና እንጨት ነው። በቲንግ እጅ ያለፈ ሌላ ሥራም ነው።

እስቲ ወረቀት ላይ ሣሉት። አራት እኩል አራት ማዕዘን ክፍሎች ውሰዱ። በመስቀል ቅርጽ አስቀምጧቸው። መሃላቸው ሰማዩ የሚታይበት ግቢ ይሁን። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የፒራሚድ ቅርጽ ያለው የእንጨት ጣሪያ ድፉበት። ጣሪያው ግን ግድግዳው ላይ አያርፍም። ጥግና ጥጉ ላይ ባሉ ምሰሶዎች ላይ ብቻ ያርፋል። በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ክፍተት አለ፤ ብርሃንና ንፋስ በዚያ ይገባል።

ቁም ነገሩ ምሰሶዎቹ ጋ ነው። ድፍን አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከብሎኬት የተሠሩ ባዶ ክፍሎች ናቸው፤ ጎናቸው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አንዱ ውስጥ ሽንት ቤት አለ። ሌላው ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሌላው መግቢያ ነው፤ በር የለውም። ገብታችሁ ትጠመዘዛላችሁ፤ ያ ጥምዝ ብቻውን ልብስ የሚቀይረውን ሰው ከውጭ ዓይን ይሰውረዋል። ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶ ራሱ አገልጋይ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ አንድም ኮለን፣ አንድም ቧንቧ አይገባም።

ካን በኋላ ዓለም ያወቀኝ በሪቻርድስ ሕንፃ ቢሆንም እኔ ራሴን ያገኘሁት በዚያች ትንሽ የብሎኬት ቤት ነው የሚል ቃል ተናግሯል። ፕላኑን ላየ ሰው ግልጽ ነው።

ሪቻርድስ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያለ የሕክምና ምርምር ላብራቶሪ ነው። ሥራው በ1957 ተጀመረ። ላብራቶሪ መጥፎ አየር ያወጣል፤ ያ አየር ንጹሑን እንዳይበክል የሚወጣበትና የሚገባበት መንገድ መለያየት አለበት። ካን ላብራቶሪዎቹን በማማዎች ደረደራቸው። ደረጃውንና የአየር መውጫውን ደግሞ ከጎናቸው በቆሙ ረጃጅም የጡብ ማማዎች ውስጥ ከተተ። ከሩቅ ሲታይ ሰማዩን የሚወጉት እነዚህ አገልጋዮች ናቸው። አርክቴክቶች ከየአገሩ ሊያዩት መጡ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1961 ለዚህ አንድ ሕንፃ ብቻ ኤግዚቢሽን አዘጋጀለት።

ውስጥ የሚሠሩት ሳይንቲስቶች ግን ተማረሩ። ፀሐዩ በሰፊው መስታወት እየገባ ዓይናቸውን ወጋቸው፤ መስኮቱን በወረቀትና በፎይል መሸፈን ጀመሩ። በግልጽ ከተተወው ቧንቧ ላይ አቧራ ይወርዳል። ክፍሉም ጠበባቸው። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ሐሳቡ የት ላይ እንዳልበሰለ ያሳያል። ካን ቀጥ ብለው ለሚወጡት ቱቦዎች ማማ ሰጥቷቸዋል። በየወለሉ አግድም ለሚሄዱት ግን የሚበቃ ቦታ አልሰጠም።

መልሱ ካሊፎርኒያ ላይ መጣ። የፖሊዮ ክትባትን ያገኘው ዶክተር ጆናስ ሳልክ ላ ሆያ በሚባል ቦታ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ፊት ለፊት የምርምር ተቋም ሊሠራ ፈለገ። በ1959 ካንን አገኘው። የመጀመሪያው ንድፍ አራት የላብራቶሪ ሕንፃዎች ነበሩት። ሳልክ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሁለት ሕንፃ፣ መሃላቸው አንድ ግቢ ይሁን አለ። ካን እንደገና ሣለ። ሥራው በ1965 ተጠናቀቀ።

እዚህ ለቧንቧው ሙሉ ፎቅ ተሰጠው። እያንዳንዱ ሕንፃ ስድስት ወለል አለው። ሦስቱ ላብራቶሪ ናቸው። ሦስቱ የቧንቧ ናቸው፤ አንድ ላብራቶሪ፣ በላዩ አንድ የቧንቧ ፎቅ፣ እንደገና ላብራቶሪ። የቧንቧው ፎቅ ቁመት 2.7 ሜትር ያህል ስለሆነ ሠራተኛ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሄድበታል። ግዙፎቹ የአርማታ ተሸካሚዎችም እዚያው ፎቅ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከሥራቸው ያለው ላብራቶሪ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት መሃሉ ላይ አንድም ኮለን የለውም። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ጋዙም ውኃውም መብራቱም ከላይ በተተወለት ስንጥቅ ይወርድለታል። የሚፈርስ ግድግዳ የለም። ሳይንቲስቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ባለሙያው በላዩ ቧንቧ ይቀይራል። እኔ ያን የተፈለፈለ ግድግዳ ካየሁ በኋላ ስለዚህ ፎቅ ሳነብ በእውነት ቀናሁ።

ግቢውን የሚያውቀው ሰው ይበዛል። ካን ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ነበር። የሜክሲኮው አርክቴክት ሉዊስ ባራጋን መጥቶ አየውና አንድም ዛፍ እንዳይተከል መከረ። ባዶ ሆኖ ቀረ። ነጣ ያለ ድንጋይ፣ መሃሉን ሰንጥቆ ወደ ውቅያኖሱ የሚሄድ ቀጭን የውኃ መስመር፣ ሰማይ። ያ ጸጥታ ሊኖር የቻለው ቧንቧው ሁሉ ሌላ ቦታ ስላገኘ ነው።

በ1972 ቴክሳስ ውስጥ የተከፈተው የኪምቤል ሙዚየምም ያው ሐሳብ ነው፤ እዚያ ግን ዝም ብሏል። ረጃጅም የአርማታ ቅስቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በቅስቱ አናት ላይ ባለው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ወደ ጣሪያው ተመልሶ ብር ይመስላል። በሁለት ቅስቶች መካከል ያለው ዝቅ ያለ ጠባብ ጣሪያ የዳክቱ መንገድ ነው። ሥዕል የሚያይ ሰው ከሥሩ ያልፋል፤ ላያስተውለውም ይችላል። ለእኔ በዚህ ሐሳብ ከተሠሩት ሁሉ የበሰለው ይህ ነው።

ካን በመጋቢት 1974 ከህንድ ሥራው ሲመለስ ኒው ዮርክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። ቢሮው በከባድ ዕዳ ውስጥ ነበር። እሱ የነደፈው የባንግላዴሽ ምክር ቤት ሕንፃ ገና አላለቀም ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ ተጠናቀቀ።

የትሬንተኗ ልብስ መቀየሪያም ለዓመታት ተጎሳቁላ ቆይታ በ2010 ታድሳለች። ዛሬም ዋናተኞች በዚያ በር በሌለው ጥግ ገብተው፣ ተጠምዝዘው፣ ልብሳቸውን ቀይረው ወደ ገንዳው ይወጣሉ።