የሚድዋይፎች የሙያ ጥፋትና የዲሲፕሊን አካሄድ በሐረርና በድሬዳዋ

ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላይ በአንዲት ሚድዋይፍ ላይ ቅሬታ ሲቀርብ፣ ከጥፋቱ በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፦ ቀጣሪዋ ማን ነው? ሐረር ውስጥ ጁገል ሆስፒታል የሐረሪ ክልል ነው። ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ የፌዴራል ተቋም ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ቢሮዎች እዚያው ከተማ ቢቀመጡም ተጠሪነታቸው ለኦሮሚያ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች አስተዳደር ናት፤ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች ያሉትም በእሷው ሥር ነው። እንግዲህ ምጧ ሽኒሌ ወይም ባቢሌ አካባቢ ጀምሯት፣ ሪፈር ተብላ ከተማ የወለደች እናት ጉዳይ የሁለት መንግሥታት ሠራተኞችን አንድ ፋይል ውስጥ ሊከት ይችላል። ማመልከቻውን ለማይመለከተው ቢሮ ያስገባ ቤተሰብ «ነገ ተመለሱ» ሲባል ይከርማል።

ሦስቱ መንገዶች

አንድ ድርጊት በሦስት መንገድ ሊታይ ይችላል፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው የቀጣሪው የዲሲፕሊን ክስ ነው። ጥቆማ ወይም የቅርብ ኃላፊ ሪፖርት ሲመጣ ቅድመ ምርመራ ይደረጋል፤ የሚያስከስስ ነገር ከተገኘ ክሱ በጽሑፍ ይደርሳታል። ድርጊቱ፣ ቀኑ፣ ቦታውና የተጣሰው ድንጋጌ ክሱ ላይ መስፈር አለበት። «ሥነ ምግባር የጎደለው ተግባር ፈጽመሻል» ብቻ ለሚል ወረቀት ምን ተብሎ መልስ ይጻፋል? ተከሳሿ መልሷን በጽሑፍ ትሰጣለች፣ ምስክሮቿን ታቀርባለች፤ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የቃል ማስጠንቀቂያን፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያንና እስከ 1 ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮን ቀላል ቅጣት ይላቸው ነበር። እስከ 3 ወር ደመወዝ መቀጣት፣ ከደረጃ ዝቅ መደረግና መሰናበት ከባዶቹ ነበሩ፤ ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። አለቃ በቃል ጠርቶ ተቆጥቶ፣ በማግሥቱ ደብዳቤ ጽፎ ፋይሏ ውስጥ የሚከተው «ማስጠንቀቂያ» ይግባኝ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጸናው ክስ ሳይደርሳትና መልሷ ሳይሰማ ስለተሰጠ ነው።

የግል ክሊኒክ ተቀጣሪ ከሆነች የሚገዛት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት ቢኖር እንኳ አሠሪው ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል።

ሁለተኛው መንገድ የሙያ ፈቃዷን ይመለከታል። የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር በዝርዝር ያስቀመጠው ደንብ ቁጥር 299/2006 ነው፤ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም የሕክምና ሰነዱን አስቀርቦ ስህተት መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ፈቃድ ሊታገድም ሊሰረዝም ይችላል። ከሥራ የተባረረች ሚድዋይፍ ፈቃዷ እጇ ላይ ካለ ሌላ ቦታ መቀጠር ትችላለች፤ ቅሬታ አቅራቢዎችን የሚያስገርማቸው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማህበር በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመ የሙያ ማህበር ነው፤ ፈቃድ የመስጠትም የመንጠቅም ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ እያለበት በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆነ ብሎ ከተጣሰ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ካሳ ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 ሆስፒታሉን ራሱን በሠራተኞቹ ጥፋት ተጠያቂ ያደርጋል። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ የይርጋው ጊዜ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ስለሆነ (አንቀጽ 2143)፣ የኮሚቴ ውሳኔ እስኪመጣ እየጠበቁ መብትን ማጣት አለ።

ምን እንደ ጥፋት ይቆጠራል

ምጥ ላይ ያለች ሴት ላይ መጮህ፣ ጭኗን በጥፊ መምታት፣ ያለ መጋረጃ መመርመር፣ ለልጁ መውጫ ብልቷን ሳይነግሯት መቅደድ ድሮ «ለእሷው ብዬ ነው» እየተባለ ይታለፍ ነበር። የጤናው ዘርፍ በ2008 «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለውን አጀንዳ ከያዘ ወዲህ በቅሬታ ሳጥን የሚገባው ወረቀት ይህንኑ ቃል ይጠቅሳል። በመንግሥት ተቋም ወሊድ ነፃ ስለሆነ «ለጓንት»፣ «ለሻይ» ብሎ መቀበልም ያስጠይቃል። ተረኛ ሆኖ መጥፋት ሌላው ነው፤ በዚህ አገር ከሰዓት በኋላ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ፣ ሰዓት ነውና ኮሚቴዎች የፊርማ መዝገቡን በዚያ ሰዓት ላይ አተኩረው ያያሉ።

ለምሥራቁ የተለየ ጉዳይም አለ። በልጅነቷ ብልቷ የተሰፋ እናት ስትወልድ ጠባሳው ተከፍቶ ነው የምትወልደው፤ ከዚያ ቤተሰቡ «እንደነበረች አድርጊልን» ይላል። ቀዳዱን ደም ለማቆም መስፋት ሕክምና ነው፤ መልሶ ማጥበብ ግን ሙያው የማይፈቅደው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 566 የሴት ብልት መስፋትን ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የእናት ወይም የአማት ልመና ማስረጃ ተደርጎ ቢቀርብም ከኃላፊነት አያድንም።

በሕክምናው በኩል ደጋግሞ የሚያስከስሰው ኦክሲቶሲን የተባለው ማሕፀን አኮማታሪ መድኃኒት ነው። ልጁ ከተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ መስጠት የደም መፍሰስ መከላከያ ነው። ያንኑ መድኃኒት «ቶሎ እንድትገላገል» ብሎ ልጁ ሳይወጣ በጡንቻ መውጋት፣ በተለይ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደችን፣ ማሕፀን ሊያፈርስ ይችላል። በእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌትም እንዲሁ ነው፦ 5 ግራሙን በየ4 ሰዓቱ ከመድገም በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑና የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ መታየት አለበት። መርማሪ መድኃኒቱ መሰጠቱን ካየ በኋላ እነዚህን ሦስቱን ይፈልጋል። ካልተጻፉ እንዳልታዩ ይቆጠራሉ።

የተማሪ ጉዳይም ያጨቃጭቃል። ሐረር የጤና ተማሪ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ «ተማሪዋ ነች ያዋለደችው» የሚል መልስ ግን ሊቆጣጠር የተመደበውን ባለሙያ ጥያቄ ያበዛበታል እንጂ አያድነውም።

ካርዱ

አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ቅጹ፣ ላይ ነው። የፅንስ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማሕፀን በር በየ4 ሰዓቱ ይመዘገባል። ምጡ ቅጹ ላይ ያለውን የእርምጃ መስመር ሲያልፍ ምን እንደተደረገ መጻፍ አለበት። ከወሊድ በኋላ ተቀምጦ የተሞላ ፓርቶግራፍ ለለመደ ዓይን ያስታውቃል፦ የአምስት ሰዓት ምልክት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ግፊት፤ የልብ ምቱ 140፣ 140፣ 144፣ 140፤ መጨረሻው ላይ ሞቶ የተወለደ ልጅ። ኮሚቴው ይህን ከወሊድ መዝገብ፣ ከተረኛ ማስረከቢያ ደብተር፣ ከሪፈር ወረቀትና ከአምቡላንስ መዝገብ ጋር ያስተያየዋል። መዘግየት ብቻውን በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ ይችል የነበረ ጉዳይ ሐሰተኛ ሰነድ ሲጨመርበት ማሰናበት ይሆናል። የተሳሳተን ጽሑፍ ማስተካከል የሚገባው በላዩ አንድ መስመር ሰርዞ፣ ሰዓትና ፊርማ አኑሮ ነው፤ ፍሉይድ ማጥፊያ ያለበት ካርድ ደግሞ ሳይነበብም ያስከስሳል።

ሰዓቱ ራሱ ወጥመድ ነው። «8፡00» የሚለው በሐበሻ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ? ሪፈር የላከው ጤና ጣቢያ በአንዱ፣ የተቀበለው ሆስፒታል በሌላው ሲጽፍ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ስድስት ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ «ሳይታዩ ቆዩ» የሚል ክስም ከዚሁ ይወለዳል። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት ብሎ መጨመር አንድ ቃል ነው የሚፈጀው።

ሌላው የእናቲቱ ስምምነት ነው። እናቲቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች፣ በአማርኛ የተሞላ የስምምነት ቅጽ ላይ ያለ የጣት አሻራ ብዙም አያስረዳም። ማን እንዳስተረጎመላት ከአሻራው አጠገብ ስሙ ቢሰፍር አስተርጓሚው ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ብዙ ጊዜ ያስተረጎመችው የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ናት፤ በማግሥቱ ትገኛለች፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን የለችም።

እናት ወይም ጨቅላ ሲሞት የሚደረገው የሞት ቅኝት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ስም የማይጻፍበት፣ ማንም የማይወቀስበት፣ ምክንያቱ ተለይቶ ሥራው እንዲስተካከል የሚደረግ ውይይት ነው። የዚያን ቅጽ ኮፒ አንስቶ ከዲሲፕሊን ክስ ጋር የሚያያይዝ ኃላፊ አንድ ጊዜ ክሱን ያጠናክርለት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሞት ግን ከተረኞቹ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም።